«በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር»

(በምሩቃን ማኅበራችን የ20ኛ ዓመት መገናኛ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለመጽሔቱ ሲዘጋጅ ጥቂት ቦታ አሳጥሬዋለሁ፤ አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

አዘጋጆቹ «የፈለግሽውን ተናገሪ፣ ግን ከምሳ በኋላ ስለሆነ እንዳታስተኚን» ብለውኝ ነበር። ስለ ሞቱ ሰዎች ነው የምናገረው ስላቸው ትንሽ ደነገጡ። አይዟችሁ፣ ለቅሶ አላስቀምጣችሁም።

ከመካከላችን ያጣናቸውን ጓደኞቻችንን ጠዋት በኅሊና ጸሎት አስበናል። ፎቶአቸውም በመጽሔቱ ውስጥ ይወጣል፤ ደግ ነው፣ ይገባቸዋል። እኔ የምናገረው ስለ ሌሎቹ ነው። መጽሔት ስለሌላቸው፣ ማኅበራቸው እድር ብቻ ስለሆነ ሰዎች። ያደግኩትም የሠራሁትም እዚያው አካባቢ ስለሆነ ምሳሌዬ ሁሉ ከአሰላና ከጭላሎ ግርጌ ነው፤ እናንተ በየአገራችሁ ተኩት።

ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ጽሑፍ አለ። ቀብር ላይ ቆመን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። «ከአባታቸው ከአቶ እከሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እከሊት በቀድሞው አርሲ ክፍለ ሀገር፣ ጭላሎ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ...» ይልና፣ ትዳር ይመጣል፣ የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር ይመጣል፣ ከዚያ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይመጣል። መጨረሻው «ደግ፣ ሰው አክባሪና ተግባቢ ነበሩ» ነው። ሰውየው የመንግሥት ሠራተኛ ከነበረ መካከሉ ይረዝማል፤ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በጸሐፊነት፣ ከዚህ እስከዚህ በሒሳብ ሹምነት እየተባለ የሥራ ማስረጃው ይነበባል። መሥሪያ ቤት ያልነበረው ሰው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚደርሰው፤ «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር»። ሴት ከሆነች ደግሞ «የቤት እመቤት ነበሩ»። ልብ ብላችሁ ካያችሁት የአርሲ ሕዝብ አብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ተጠቃሎ ነው የተቀበረው።

የእኛም ጽሑፍ ከዚህ አይሻልም። የሞት ማስረጃ ስንሞላ፣ እስቲ እውነቱን እንነጋገር፣ ስንቶቻችን ነን «ካርዲዮ-ረስፒራቶሪ አረስት» ብለን ፈርመን የሄድን? (ሳቅ) የሞተ ሰው ሁሉ ልቡና ትንፋሹ እንደቆመ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቅጽ የሚጠይቀው ከሥር የነበረውን በሽታ ነው፤ መምህራኖቻችን ይህን ሲሉን ጉሮሯቸው ደርቋል። ግን በትክክል ብንሞላውም እንኳ የምናውቀው ሰውየው በምን እንደሞተ ነው። የቀብሩ ጽሑፍ በምን እንደሞተ አይናገርም፤ የእኛ ማስረጃ እንዴት እንደኖረ አይናገርም። በሁለቱ መካከል ሰውየው ራሱ የለም።

ይህን ማሰብ የጀመርኩት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። አባቴ ለብዙ ዓመታት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። ቤቱን ስናስተካክል መዝገቦቹ ወጡ፤ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው፣ በመስመር የተሞሉ። የእድር መዝገብ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ የአባሉ ስም፣ ቁጥር፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ከዚያ እድሩ የሚደርስላቸው ቤተሰቦች ዝርዝር። ለአባል ሞት ይህን ያህል፣ ለእናትና ለአባት ይህን ያህል፣ ለአማት ከዚያ ያነሰ። የእኛ እድር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው፤ አሰላ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ድንኳኑ አንድ ነው፣ ወንበሩ አንድ ነው፣ ብረት ድስቱ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ሴቶቹ ያውቁታል። ጥሩንባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ ይነሣና በየመንገዱ ማዕዘን ቆሞ የሟቹን ስም ይጠራል። ከተማው ውስጥ ስለ ተራ ሰው ሞት ጮክ ብሎ የሚናገር እሱ ብቻ ነው።

በመዝገቡ ውስጥ አንዲት ጎረቤታችንን ፈለግኳት። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ድፎ ዳቦ ትሸጥ የነበረች፣ እኔና እኩዮቼ ሁሉ ከእጇ በልተን ያደግን እናት ናት። ሁላችንም የምንጠራት በልጇ ስም ነበር፤ «የእከሌ እናት»። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹም እንዲሁ፣ ሃዳ እከሌ። በመዝገቡ ላይ በባሏ ስም ተጽፋ አገኘኋት፤ «ባለቤት» ተብላ። የራሷን ስም ለማግኘት አራት ቤት አንኳኳሁ። አራተኛው ቤት ውስጥ ያሉ አንዲት አሮጊት ነገሩኝ፤ እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ የሚያውቀው ሰው አልቀረም ነበር። የሚያስፈራኝ ነገር ይኼ ነው። ስሙ የጠፋው ከመቶ ዓመት በፊት ስለኖረ ሰው አይደለም፤ እኔ ልጅ ሆኜ በየቀኑ ስላየኋት ሴት ነው።

በዚሁ ከተማ ስማቸው የማይጠፋ ሰዎች አሉ፤ ኩራታችን ናቸው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው፤ ወደ በቆጂ ብትወጡ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ናቸው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ስታሸንፍ የሆነውን ደስታ ማንም አርሲ አይረሳውም። ስለ እነርሱ መጽሐፍም ፊልምም ተሠርቷል። እኔ የምፈልገው ለሯጮቹ ገብሱን ቆልተው ስለሰጡት፣ ውሃውን ስለቀዱት ነው። ለእነዚያ አንድ ገጽ ይበቃቸዋል፤ እሱንም የሚጽፍላቸው የለም።

አሁን ስለ ሁለት ሦስት ሰዎች ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ።

የመጀመሪያው ጋሪ ነጂ ናቸው። አሰላን የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ባጃጅ ሳይመጣ ከተማው ይንቀሳቀስ የነበረው በፈረስ ጋሪ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ጭላሎ በኩል ስትወጡ ዳገት ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጎማ ይውጣል። እኒህ ሰው ከቤታችን በላይ ይኖሩ ነበር። አሮጌ ካፖርት ለብሰው፣ ሻሽ ጠምጥመው፣ ፈረሳቸውን እየሰደቡ ይወርዳሉ። ፈረሱን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ይሰድቡ ነበር፤ በተለይ ሦስት ኩንታል ጭኖ «ሁለት ነው» የሚላቸውን ነጋዴ። ቀን ቀን እህልና ሰው ይጭናሉ፤ ሌሊት ግን በራቸው የሚንኳኳው በምጥ ለተያዘች ሴት ነበር።

ለምጥ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። መጀመሪያ ጋሪው ላይ ጭድ ያነጥፋሉ፣ ከላዩ ከቤቷ የመጣውን ፍራሽ ያደርጋሉ። እሳቸው አይቀመጡም። ጋሪው እንዲቀልና እንዳይዘል ፈረሱን በልጓሙ ይዘው አጠገቡ በእግራቸው ይወርዳሉ፤ ጉድጓዶቹን በጨለማ ያውቋቸዋል። ያን ሌሊት ስድብ የለም፤ ፈረሱን በሹክሹክታ ነው የሚያናግሩት። ሒሳብ ሲጠየቁ «ሲመለሱ ሁለት ሆነው ይከፍሉኛል» ይላሉ። ብቻዋን ለተመለሰች ሴት ሒሳብ አይጠይቁም፤ ላልተመለሰችም እንዲሁ። «አራት ልጆች ጋሪዬ ላይ ተወልደዋል» ይሉ ነበር፤ ጠላ ከቀመሱ ቁጥሩ ወደ ስድስት ከፍ ይላል።

እዚህ የተቀመጣችሁ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች «ሦስቱን መዘግየቶች» ታስተምራላችሁ። በ1994 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለት ተመራማሪዎች የጻፉት ነው፤ እናቶች የሚሞቱት ለመሄድ ሲወስኑ በመዘግየት፣ መንገድ ላይ በመዘግየት፣ ደርሰውም እርዳታ በማግኘት ላይ በመዘግየት ነው የሚለው። ትምህርቱን ክፍል ውስጥ ስማር ጋሪ ነጂው ነበሩ ዓይኔ ላይ የመጡት። ሁለተኛውን መዘግየት በአንድ ፈረስ ሲዋጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀብራቸው ላይ የተነበበው ግን «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ተግባቢና ሰው አክባሪ ነበሩ» የሚል ነው። ሰው አክባሪ! (ሳቅ) ከለቀስተኛው ኋላ የቆሙ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። ዘመድ አይደሉም፤ ግን ከዘመድ በላይ ነበር የሚያለቅሱት። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው አንዷን ጠይቋት ቢሆን ኖሮ ገጹ ይሞላ ነበር።

ሁለተኛዋ አያቴ ናት፤ በእናቴ በኩል። በኦሮምኛ አያት «አኮ» ነው፤ እኔም አኮ ነው የምላት። አኮ የኖረችው ከአሰላ ወጣ ብሎ በጭላሎ ግርጌ ነው። መታወቂያዋ ላይ ሥራ በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ይላል። እስቲ ቤቱን ልንገራችሁ።

አኮ ስታገባ ባሏ ጭሰኛ ነበር፤ ከምርቱ ለባለ መሬቱ እያካፈለ የሚያርስ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለው። ምርጥ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ የወተት ላም መጣ። ካዱ ለአርሲ ብዙ አድርጓል፤ ማንም አይክደውም። ግን መሬቱ ትርፍ ማምጣት ሲጀምር ባለ መሬቶቹ ትራክተር ገዙና ጭሰኛውን ማንሣት ጀመሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነሥተዋል፤ ድርጅቱ ያገኘው ውጤት እረዳቸዋለሁ ያላቸውን ሰዎች እንዳስለቀቀ የሚያወሱ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ለአኮ ግን ጥናት አይደለም። የመጀመሪያ ቤቷ የፈረሰው ያኔ ነው። በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ተመልሰው ቦታ አገኙ፤ ሁለተኛውን ቤት ሠሩ። በ1978 መንደር ምሥረታ መጣና ቤቱን ነቅላችሁ ወደ መንደር ተሰብሰቡ ተባሉ፤ ምሰሶውን ተሸክመው ሄዱ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ መንደሩ ተበተነ፤ ያንኑ ምሰሶ ተሸክመው ተመለሱ። የቤት እመቤት ለመባል እኮ ቤቱ መቆም ነበረበት፤ ያቆመችውም እሷ ናት።

የእርግዝና ታሪኳን እኛ ብንጽፈው «ግራቪዳ 10፣ ፓራ 9» ነው። አኮ ግን ዘጠኙንም በስማቸው ነበር የምትጠራቸው፤ በሕፃንነታቸው የሞቱትን ጭምር፣ በተራ። ይህኛው ትራክተሩ የመጣ ዓመት፣ ይህቺ ምሰሶውን በተሸከምንበት ወር። የአገሩ ታሪክ በልጆቿ ዕድሜ ነው የተቀመጠው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ገብስ እየቆላች ነው። ለጩኮ የሚሆነውን ገብስ በጥርሷ ነክሳ ነበር የምትለየው። ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በተነጠረ ቅመም ባለው ቅቤ ይታሻል። ቅቤው ሲበዛም ሲያንስም እጇ ያውቃል። በ1991 ዓ.ም. ወደ ጅማ ስሄድ አንድ ገበቴ ሙሉ ሠርታ ሰጠችኝ፤ የሁለት ወር ስንቅ ነው ብላ። የዶርሜ ልጆች፣ እዚህ አላችሁ፣ አያችኋለሁ፤ በአራት ቀን ነው የጨረሳችሁብኝ። (ሳቅ) ስለዚህ አኮን አናውቃትም እንዳትሉ።

አኮ ያረፈችው ጠዋት ነው፣ የተቀበረችው በዚያው ቀን ከአስር ሰዓት በፊት ነው፤ እንደ እስልምናው ሥርዓት። የሕይወት ታሪክ የሚባል ወረቀት አልተነበበም፤ አያስፈልግምም ነበር። ለሦስት ቀን የተቀመጡት ሴቶች እየተቀባበሉ ያወሩት ነበር ታሪኳ። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ «አይ፣ እንደዚያ አይደለም» ትላለች፣ ይሳቃል፣ ይለቀሳል። በእውነት ከሰማኋቸው የሕይወት ታሪኮች ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው። ግን አልተጻፈም። ከእነዚያ ሴቶች ዛሬ በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይሻሉ ነበር ማለት ይቻላል። ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮች ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ በድንጋዩ ላይ ፈረሰኛው ከነጦሩ፣ ከብቱ፣ አውሬው ይሣላል። መንገደኛ ማንበብ ባይችልም ይህ ሰው ምን ሠርቶ እንደኖረ ያያል። የሚጎድለው የሴቶቹ ነው። ገብስ የምትቆላ ሴት የተሣለችበት መቃብር እኔ አላየሁም።

ሦስተኛዋን አጭር ላድርገው። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ግን ሥራዋ ከዚያ ይሰፋል። ሴት ስትሞት ገላዋን የምታጥበው እሷ ነበረች። የክርስቲያኑን መግነዝ ታውቃለች፤ የሙስሊሙንም ከፈን ታውቃለች፣ ለወንድ ሦስት ጨርቅ ለሴት አምስት። ቤተሰብ ከሩቅ እስኪደርስ ሟቿን ብቻዋን አትተዋትም። ማጠብ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ ነርሷን «ስሟ ማነው?» ትላለች። ስሟ ይነገራታል፤ እስክትጨርስ በስሟ እየጠራች ታነጋግራታለች፤ እጅሽን ላንሣ፣ ጎንሽን ላዙር እያለች። ወገን ያልተገኘላትን፣ ማዘጋጃ ቤት የሚቀብራትን ደግሞ «እህቴ» ትላታለች። አንድ ቀን ለምን እንደምታናግራቸው ጠየቅኳት። «ዶክተር፣ እናንተስ እየጠራችሁ አይደል እንዴ የምትቀሰቅሷቸው?» አለችኝ። ይኼው ነው መልሷ።

እሷ ያረፈችው በ2012 ግንቦት ነው፤ ኮሮና ገብቶ መሰባሰብ በተከለከለበት ጊዜ። የእድሩ ድንኳን አልተተከለም፣ ጥቂት ሰው ብቻ ተራርቆ ቆሞ ተቀበረች። ሕጉ ተገቢ ነበር፤ እኔ ራሴ በየቀበሌው እየዞርኩ ያስተማርኩት ነው። ግን ያን ዓመት የሞቱ ሰዎች ላይ ምንም አልተነበበም፣ ምንም አልተወራም። በበሽታው የሞቱትን ቆጥረናል። በዚያ ወቅት በስኳር፣ በደም ግፊት፣ በእርጅና ሞተው ሳይለቀስላቸው የተቀበሩትን የሚያስታውሳቸው የለም። አንድ ቦታ መጀመር ከፈለጋችሁ ከ2012 ጀምሩ እላለሁ።

አሁን ስም ለምን እንደማልጠራ።

እኛ ተማሪ የነበርንበት ዘመን የኤች አይ ቪ ዘመን ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው፤ ከዚያ በፊት ዋርድ ውስጥ ያየነውን ሁላችንም እናውቃለን። የአባቴ መዝገብ ላይ እነዚያ ዓመታት በግልጽ ይታያሉ፤ በአንድ ገጽ ላይ ክፍያው ተደራርቧል፣ የሟቾቹ ዕድሜ ሠላሳ፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሃያ ስምንት። የሁሉም የሕይወት ታሪክ «ባደረባቸው ሕመም» ይል ነበር። ያኔ ይህ አባባል ያናድደኝ ነበር። የምን መደበቅ ነው እል ነበር። ዛሬ እከራከርለታለሁ። ያ አባባል ለስንት ሚስትና ለስንት ልጅ መሸፈኛ ሆኗል። የጄኔቫው ቃል ኪዳን የታካሚን ምስጢር ከሞተም በኋላ እንኳ እንድንጠብቅ ያስገድደናል፤ የእድሩ ጸሐፊ ቃል ኪዳኑን ሳያነብ ጠብቆታል። ስለዚህ የምጠይቃችሁ የታካሚ ካርድ እንድትከፍቱ አይደለም። በምን እንደሞቱ አትጻፉ። ከሆስፒታል ያወቃችሁትን አትጻፉ። እንዴት እንደኖሩ ጻፉ፣ ጎረቤት ሆናችሁ ያወቃችሁትን፤ ስም የሚገባው ደግሞ ቤተሰብ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ጅማ በገባን በሁለተኛው ዓመት ለማኅበረሰብ ሥልጠና ወደ መንደር ወጥተን ቤት ለቤት መጠይቅ ስንሞላ ታስታውሳላችሁ? እኛ ስንገባ ኢንስቲትዩት የነበረው ያኔ ገና ዩኒቨርሲቲ ሆኖልን ነበር፣ ነጭ ጋውናችን ሳይቀር አዲስ ነው። «ባለፉት 12 ወራት በዚህ ቤት የሞተ ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ምክንያት። አንዲት እናት ሦስቱንም መለሱልን፤ ልጃቸው ነበረች። አመስግነን ልንነሣ ስንል «ስሟንስ አትጽፉትም?» አሉን። ስም የማይጻፍበት በቂ ምክንያት አለ፤ አስረዳናቸው፣ ገባቸው። ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነበር፤ የተሳሳተ ወረቀት ላይ ነው እንጂ። ለቁጥሩ የሚሆን ወረቀት አለን፤ ለስሙ የሚሆን ወረቀት ነው ያጣነው።

ለቁጥሩ ብዙ ተደክሟል። ቡታጅራ ላይ ከ1979 ገደማ ጀምሮ ቤተሰብ እየተጠየቀ ልደትና ሞት ተመዝግቧል። አዲስ አበባ ላይ ከ1993 ጀምሮ ከመቃብር ቦታዎች መረጃ ተሰብስቧል፤ ሐኪም ያላወቀውን የሞት መጠን የነገሩን ቀባሪዎቹ ናቸው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በ2008 በመላ አገሪቱ ተጀምሯል። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጉናል፤ እኔም እንጀራዬ ነው። እኔ የምለው ከጎናቸው አንድ ሌላ ገጽ ይቀመጥ ነው። በኒውዮርክ የሕንፃዎቹ ጥቃት ጊዜ አንድ ጋዜጣ ከሁለት ሺህ ስለሚበልጡ ሟቾች አጫጭር ጽሑፍ አወጣ፤ አስተናጋጁም ባለ ባንኩም እኩል ቦታ ተሰጣቸው፣ የሥራ ማዕረግ ሳይሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጻፈ። ታይዋን ውስጥ ጹ ቺ በሚባል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች አስከሬን ከመክፈታቸው በፊት የለጋሹን ቤተሰብ ሄደው ይጠይቃሉ፣ የሕይወቱን ታሪክ ይጽፋሉ፤ ሟቹን «ዝምተኛው መምህር» ነው የሚሉት። ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም።

እኛ ደግሞ ከማንም በላይ ልምዱ አለን። ታሪክ መውሰድ ለስድስት ዓመት የተማርነው ሙያ ነው። ክፍት ጥያቄ ጠይቁ ተብለናል አይደል? «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ደግ ነበሩ» ነው የምትባሉት፤ የሟች ክፉ አይወራምና። እኔ የምጠይቀው «ጠዋት ተነሥተው መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?» ብዬ ነው። «ምን ሲባሉ ይቆጡ ነበር?» «እጃቸው ላይ ምን ምልክት ነበር?» አንድ የብረት ሥራ ባለሙያ ልጅ ይህን ስጠይቀው አሥር ደቂቃ ስለ አባቱ አውራ ጣት ነገረኝ። ኦሮምኛ የሚናገሩትን በኦሮምኛ ጻፉ፤ አስተርጓሚ ሲገባ ሳቁ ይጠፋል፣ አይቼዋለሁ።

እስካሁን 31 ገጽ አለኝ። ብቻዬን የትም አልደርስም። የማኅበሩ ቦርድ ከሚቀጥለው መጽሔት ጀምሮ ጥቂት ገጾች እንዲሰጠን ተስማምቷል፤ አመሰግናለሁ። የተጻፈው ሁሉ በሁለት ቅጂ ይታተማል፤ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለሰፈሩ እድር፣ ከመዝገቡ ጋር እንዲቀመጥ። የእድር ዳኞችን አነጋግሬ ነበር፤ አንዱ «መዋጮ ይጨምራል?» ብለው ጠየቁኝ፤ አይጨምርም። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀትና የፈቃድ ቅጽ አለ። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፤ ማንበብ ለማይችል ሰው በቃል የሚነበብለት፣ ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ የሚሰረዝለት። ከጥቅምት በፊት ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ የመኸር ጊዜ ነው፣ ገጠር ሄዳችሁ ሰው አታገኙም።

የጋሪ ነጂው ልጆች ፈቅደዋል፤ በሚቀጥለው መጽሔት በስማቸው ይወጣሉ። ያልተስማሙት በፈረሱ ስም ላይ ነው። ታላቁ ልጅ አንድ ይላል፣ ታናሹ ሌላ፤ ሁለት ፈረስ ነበር የሚልም አለ። አዳማ የምትኖር እህት አለቻቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደውዬ እጠይቃታለሁ።